ጎጃም ውስጥ ቢኤም መያዝ፦ ከ325አይ ጋር ሁለት ዓመት

ደብረ ማርቆስ ላይ ቢኤምደብሊው መንዳት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የ2003 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል 325አይ ናት፤ ቢኤም የሚያውቁ ሰዎች ኢ46 የሚሉት ትውልድ። ስድስት ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ማኑዋል ካምቢዮ፣ ቀለሟ ጥቁር ግራጫ። እስከ ዛሬ ስንት ሰው ደውሎ እንደጠየቀኝ አላውቀውም። "አንድ ያገለገለች ቢኤም አግኝቻለሁ፣ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?" ለእያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ሳወራ ቆየሁና ይኸው ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ምን እፈልግ እንደነበር ልናገር። ሥራዬ ማርቆስ ነው፤ ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ቢሮ እገባለሁ። በወር ሁለት ጊዜ ባሕር ዳር እሄዳለሁ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ በወር አንዴ አዲስ አበባ፤ ያ ማለት አባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ማለት ነው። መንዳት እወዳለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። መድረሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚያሳስበኝ ቪትዝ ወይ ኮሮላ ገዝቼ እፎይ እል ነበር፤ ሁለቱም ለአገራችን መንገድ የተመሰከረላቸው ናቸው። እኔ ግን መንገዱን በመሪው በኩል እጄ ላይ የሚያሳውቀኝ፣ ኩርባ ሲመጣ ደስ የሚለኝ፣ ከኋላ ደግሞ ሁለት ልጆች በምቾት የሚቀመጡበት መኪና ነበር የፈለግኩት። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የያዘ ስትፈልግ ዞረህ ዞረህ የጀርመን ስፖርት ሴዳን ጋ ትደርሳለህ።

ሐሳቡን ያስያዘኝ ጀርመን አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ነው። እሱም ኢ46 አለው፣ ባለሦስት ሊትሩ 330አይ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ይመላለስባታል፣ አንዳንድ እሁድ ደግሞ ኑርቡርግሪንግ ይዟት ይሄዳል። ኑርቡርግሪንግ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ የመኪና መወዳደሪያ ነው። ኖርድሽላይፈ የሚባለው አሮጌው ዙር ብቻ 20.8 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጫካ መሃል ይጠማዘዛል፣ ከዝቅተኛው ቦታው እስከ ከፍተኛው 300 ሜትር ገደማ ልዩነት አለው። ለሕዝብ በሚከፈትበት ቀን ማንም ሰው ከፍሎ በራሱ የቤት መኪና ይገባል። እዚያ አገር ብዙ ሰው ያገለገለ ስፖርት ሴዳን የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ በአዘቦቱ ቀን ቤተሰብ ይጭናል፣ በእሁዱ ትራክ፣ ማለትም መወዳደሪያው ውስጥ፣ ይገባል።

አንድ ቀን በስልክ ስናወራ "ትራክ ላይ መኪና የሚገድለው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። ፍጥነት የሚለኝ መስሎኝ ነበር። "ሙቀት" አለኝ። "ሞተሩ ይግላል፣ ፍሬኑ ይግላል፣ ጎማው ይግላል። መኪናህ ሙቀቱን ከቻለችው ሌላው ቀላል ነው።" ወዲያው አባይ በረሃ ትዝ አለኝ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከድልድዩ እስከ ደጀን ያንኑ ያህል ዳገት። እነሱ 300 ሜትር የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ የእኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ያውም ታች በረሃው እየነደደ። ስለዚህ እነሱ ለትራክ ቀን ብለው የሚፈትሹትን ሁሉ እኛ ጎጃም ውስጥ ለሥራ ለምንነዳት መኪና መፈተሽ አለብን። እኔ በሁለት ዓመት የተማርኩት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ልናገር። አባይ በረሃ መወዳደሪያ አይደለም። ተሳቢ አለ፣ ከብት የሚነዳ ልጅ አለ፣ መሬቱ እየሸሸ ያጎበጠው አስፋልት አለ። ትራክ ስል የማወራው ስለ መኪናዋ ዝግጅት ነው፣ ስለ ፍጥነት አይደለም።

ከሞተር ልጀምር። ወረቀቷ ላይ 325አይ 192 የፈረስ ጉልበት አላት። ይህ ቁጥር ባሕር ጠለል ላይ የሚሠራ ነው። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በግርድፉ ስታሰላው 192 የነበረው ማርቆስ ላይ ወደ 145 ይወርዳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ስለሆነች እዚያ መኪናዋ ትንሽ ትነቃለች፤ ልዩነቱ እግርህ ላይ ይታወቅሃል። አሁን ደግሞ ገበያ ላይ በብዛት የምታገኛትን 318አይ አስባት። ወረቀት ላይ 143 ናት፤ እኛ ዘንድ 107 ገደማ ትሆናለች። አራት ሰው ጭነህ ደጀን ዳገት ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም ስትወጣ ያቺ የጎደለችው ጉልበት ናት የምትፈለገው።

318አይን የማልመክረው በጉልበቷ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ የተገጠመላት ባለአራት ሲሊንደር ሞተር የሰንሰለቱ መምሪያ ፕላስቲኮች ይሰባበራሉ፣ ዘይት መብላትም ትወዳለች። ባለስድስት ሲሊንደሯ፣ ኤም54 የምትባለው፣ ግን ረጅም ዕድሜ የምታገለግል ሞተር ናት። 320፣ 325 እና 330 የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የማቀዝቀዣ ዕቃቸውም በአብዛኛው ይገናኛል። 330ን ካገኘሃት ውሰዳት፣ 231 የፈረስ ጉልበት አላት፤ እኔ ስፈልግ ግን ንጹሕ የሆነች አላገኘሁም።

ሌሎቹንም ሞክሬያለሁ። ኦዲ ኤ4 ባለ1.8 ቱርቦ ነድቼ ነበር፣ ቱርቦው ከፍታውን ስለሚያካክስላት ማርቆስ ላይ ከእኔዋ ይልቅ ፈጣን ነበረች፣ እውነቱን መናገር ጥሩ ነው። ግን የፊት እግሯን ከሥር ሳያት ሐሳቤን ቀየርኩ። በእያንዳንዱ ጎን አራት፣ በጠቅላላው ስምንት የአሉሚኒየም ክንዶች አሏት፣ ሁሉም በጎማ ቡሽ የታሰሩ ናቸው። በእኛ መንገድ ስምንቱንም በየጊዜው መቀየር ማለት ነው። መርሴዲስ ሲ ክላስ፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ የመጣችው፣ ለወንበሯና ለዝምታዋ የሚደርስባት የለም፤ ግን የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርት ዝገት ያጠቃዋል፣ ስትነዳትም ቢሮ ውስጥ እንደተቀመጥክ ነው የምታደርግህ። ረጅም መንገድ ተረጋግቶ መሄድ ብቻ የሚፈልግ ሰው እሷን ይግዛ። ከኢ46 ቀጥላ የመጣችው ኢ90 ደግሞ ቆንጆ ናት፤ ብዙዎቹ ግን ስኮርት ጎማ የላቸውም፣ ቢተነፍስም ይሄዳል በሚባል ጎማ ነው የመጡት። ቡሬና ደምበጫ መሃል ማታ ጎማ ሲፈነዳብህ ስኮርት የለኝም ማለት ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው አልነግረውም።

ስለ ገበያው አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። ከዚያ በፊትም የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም አስወድዶት ነበር። ስለዚህ አሁን የምንገዛት ቢኤም ቀድሞ የገባች፣ ብዙ እጅ ያለፈች ናት። ሁለት ሰው፣ አራት ሰው፣ አንዳንዴም ስድስት ሰው ነድቷታል። የምትገዛው መኪናዋን ብቻ አይደለም፣ የነዱአትን ሰዎች ጠባይም ነው።

አባቴ ፈረስ ያውቅ ነበር። ትውልዳችን ወደ እንጅባራ በኩል ነው፤ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲሆን ከሰው መሃል ገብቶ ፈረሶቹን አንድ በአንድ ያይ ነበር። ሊገዛ ሲሄድ ከፀጉሩና ከጌጡ አይጀምርም። መጀመሪያ ሰኮናውን ያነሳል። ከዚያ ጉልበቱን በእጁ ይዳስሳል። ከዚያ ትንሽ ያስሮጠውና ሲቆም አጠገቡ ቆሞ ትንፋሹን ያዳምጣል፣ ቶሎ ይመለሳል ወይስ ያለከልካል። ቀለሙን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። እኔም መኪና ስፈልግ በዚሁ መንገድ ሄድኩ። እግር፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላው።

አዲስ አበባ ላይ ሦስት መኪና አየሁ። ደላላው የመጀመሪያዋን እያሞገሰ አመጣት፤ ታጥባ፣ ተወልውላ፣ ከኋላ የቢኤም ስፖርት ሞዴሎች የኤም ምልክት ተለጥፎባት። ስደርስ ሞተሯ ሞቋል። ይህን ልብ በሉ፣ ሻጩ ቀድሞ ካሞቃት የሚደበቅ ነገር አለ። ነገ ጠዋት ሳትነሳ እመጣለሁ አልኩ፤ ከዚያ በኋላ ሻጩ ስልኬን አላነሳም። ሁለተኛዋ 318 ነበረች፣ ጊዜ አልፈጀሁባትም። ሦስተኛዋ የአንድ ጡረታ የወጡ አባት ነበረች። ጎኗ ሁለት ቦታ ተጭሯል፣ የኮፈኗ ቀለም ፀሐይ በልቶታል፣ ግን ሰውየው አንድ የፕላስቲክ ከረጢት አወጡልኝ፤ ውስጡ የዘጠኝ ዓመት ደረሰኝ ነው። ዘይት መቼ እንደተቀየረ፣ ካንዴላ መቼ፣ ቴስቲና መቼ። "እኔ ልጄን ነው የምሰጥህ" አሉኝ። ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን አመሳከርኩ፣ ጠዋት ሳትነሳ መጥቼ አስነሳኋት፣ ያለ ጭስ ተነሳች። ገዛኋት።

ከመግዛቴ በፊት ግን አንድ ጋራዥ አስፈትሻት ነበር፣ ስሙን አልጠራም። ጉድጓድ ላይ አቁመው ሃያ ደቂቃ አዩአት፣ ገንዘብ ተቀበሉኝ። ስለ ማቀዝቀዣው ስጠይቅ "ኦሪጅናል ነው፣ አትንካው" አሉኝ። እኔም አመንኩ። ኢ46 ላይ ኦሪጅናል የሆነ አሮጌ ማቀዝቀዣ ማለት ያረጀ ፕላስቲክ ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

በሦስተኛው ወር፣ ግንቦት ላይ፣ ከአዲስ አበባ ስመለስ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ደጀን መውጣት ጀመርኩ። ከፊቴ ሁለት ተሳቢዎች እያቃሰቱ ይወጣሉ፤ መቅደም አይታሰብም፣ በሁለተኛ ማርሽ ተከተልኳቸው። መስኮቴ ክፍት ነበር። መጀመሪያ የመጣው ሽታ ነው፣ የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጣፋጭ ሽታ። የሙቀት መርፌዋን አየሁ፤ ቀጥ ብላ መሃል ላይ ቆማለች። እንግዲያው ሽታው ከተሳቢው ነው ብዬ ቀጠልኩ። ሁለት ኩርባ ሳልሄድ መርፌዋ ከመሃል ተነስታ ወደ ቀዩ ሄደች። ጥግ ይዤ ወዲያው አጠፋኋት። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣ። ከራዲያተሩ ጎን ያለችው የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማጠራቀሚያ ሁለቱ ፕላስቲኮቿ በተጋጠሙበት መስመር ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅ አላት፤ ከስንጥቋ የደበዘዘ ሰማያዊ ኩላንት እየተንተከተከ ይወጣል።

አንድ የአይሱዙ ሹፌር ከኋላዬ ቆመ። ትልቅ ሰው ናቸው። ምንም ሳይናገሩ መጀመሪያ ከጎማዬ ሥር ድንጋይ አስገቡ። እኔ ጨርቅ ይዤ ወደ ክዳኑ ስሄድ "ተው ልጄ! ፊትህን ይልጠዋል፣ ተወው ይብረድ" ብለው እጄን ያዙኝ። አንድ ሰዓት ያህል አብረውኝ ተቀመጡ። በኋላ በገመድ ጎትተው ደጀን አደረሱኝ፣ ገንዘብ ብሰጣቸው እምቢ አሉ። እግዜር ይስጣቸው፣ ዛሬም በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ።

የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ቴስታታው፣ ተረፈ። ሁለት ደቂቃ ብዘገይ ኖሮ አይተርፍም ነበር፤ ይህች ሞተር ብሎኳም አሉሚኒየም ስለሆነ አንዴ ከመጠን በላይ ከጋለች የቴስታታ ብሎኖቹ የታሰሩበት ጥርስ ይላቀቃል፣ ከዚያ በኋላ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ቀይሮ ማዳን ከባድ ነው።

ለምን እንደሆነ በኋላ ሳጣራ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ የኤም54 ቴርሞስታት፣ ማለትም ኩላንቱን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው በር፣ የሚከፍተው 97 ዲግሪ ላይ ነው፤ ጀርመኖቹ ነዳጅ ለመቆጠብና ጭስ ለመቀነስ ሆን ብለው ሞቃ እንድትሠራ ነው ያደረጓት። ማርቆስ ከፍታ ላይ ደግሞ ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተሯ የምትሠራበት ሙቀት ውሃችን ከሚፈላበት በላይ ነው ማለት ነው! ውሃውን ከመፍላት የሚያግደው የተዘጋው ሲስተም ግፊት ብቻ ነው። ፕላስቲኩ ትንሽ ከተሰነጠቀ ወይ ክዳኑ ከላላ ግፊቱ ይወጣል፣ እሷም ወዲያው ትፈላለች። ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው ትንሽ ጊዜ ያገኛል፤ እኛ የለንም። ሁለተኛ፣ ያቺ የሙቀት መርፌ አትታመንም። ሙቀቱ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ሾፌሩ እንዳይጨነቅ ተብሎ በሰፊ ክልል ውስጥ መሃል ላይ እንድትቆም ነው የተሠራችው። ስትንቀሳቀስ ካየሃት ነገሩ አልፏል። አሁን ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ላይ ትንሽ መመርመሪያ ሰክቼ ትክክለኛውን ዲግሪ በስልኬ አያለሁ። ዋጋው ከአንድ ጎማ በጣም ያነሰ ነው። ኢ46 የሚገዛ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይግዛው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አስቀየርኩ። ማጠራቀሚያው፣ ክዳኑ፣ ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቴርሞስታቱ፣ የላይና የታች ቱቦዎቹ፣ ቺንጋውና መወጠሪያው። ግማሹን ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አገኘሁ፣ ፓምፑንና ቴርሞስታቱን የአጎቴ ልጅ በሰው ላከልኝ። ጠቅላላ ወጪው መኪናዋን ከገዛሁበት አንድ አሥረኛ ያህል ሆነ። ያማል፣ ግን ስትገዛ ይህንን ቀድመህ ከዋጋው ላይ ቀንሰህ አስብ፤ ሻጩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ደረሰኝ ካላሳየህ እንዳልተቀየረ ቁጠረው።

ማርቆስ ያለው መካኒኬ ከቢኤም ይልቅ ናፍጣ ላይ ያደገ ሰው ነው፣ ግን እጁ ጠንቃቃ ነው። አየር ማስወጣቱን በትክክል የሠራው እሱ ነው። ቁልፉን ከፍቶ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ማሞቂያውን መጨረሻ ላይ አድርጎ፣ አናት ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ብሎን አላልቶ፣ ኩላንቱን በቀስታ ያፈሳል። አረፋ ይወጣል። እንደገና ያፈሳል። አረፋው አልቆ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻ እስኪወጣ ድረስ አርባ ደቂቃ ፈጀበት። "አያ፣ በቃ አይበቃም?" ብለው "የቸኮለ ነው ሞተር የሚያቀልጠው" አለኝና ቀጠለ። ቸኩሎ የሚዘጋ መካኒክ ካለህ ሌላ ፈልግ።

ቀጥሎ ፍሬን። ይህም ከሙቀት ጋር ነው። ወደ አባይ ስትወርድ ፍሬን ላይ ተኝተህ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ይችላል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ሲፈላ ውስጡ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ ይሰጥማል። እኔ ላይ አንዴ ደርሷል። ቁልቁለቱ ላይ፣ ድልድዩ ከታች እየታየኝ፣ ፔዳሉ እንደ እርጥብ ስፖንጅ ገባ። ሁለት ሦስቴ ደጋግሜ ስረግጠው ያዘ። ማርሹን ወደ ሁለተኛ አውርጄ በሞተሩ ይዤ ወረድኩ፣ ድልድዩ ጋ ደርሼ እጄ ሲንቀጠቀጥ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ዘይቱን ስናወጣው ቀለሙ ጠቁሮ ሻይ መስሏል። አሁን በየዓመቱ አስቀይረዋለሁ፣ ክረምት እንዳለፈ። ትራክ የሚገቡት ሰዎች ከዚህም አሳጥረው ነው የሚቀይሩት። ማኑዋል ካምቢዮ የመረጥኩበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ቁልቁለት ላይ መኪናዋን በማርሽ መያዝ በእጅህ ነው።

እግሯን በተመለከተ፣ ስፖርት ፓኬጅ ያላትን አትፈልግ። ዝቅ ያለች ናት፣ በየከተማው መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ሆዷን ይልሳል። እኔዋ መደበኛዋ ናት፤ እሷም ቢሆን አራት ሰው ጭና ፍኖተ ሰላም ስትገባ በቀስታ ነው። የፊት ክንዶቹ ቡሽ በሁለት ዓመት አንዴ ተቀይሯል። ባለ16 ቸርኬ፣ 205/55 ጎማ ያላትን ምረጥ። ባለ17ቱ ያምራል፣ ግን ጎማው ቀጭን ስለሆነ አንድ ጉድጓድ ቸርኬውን ያጎብጠዋል፤ የ16ቱ ጎማ ደግሞ ባሕር ዳርም ማርቆስም አይጠፋም። ሌላው፣ ቢኤም ጎማዋ የሚታሰረው በዳዶ አይደለም፣ በብሎን ነው፤ ጎሚስታው ቶዮታ ለምዶ ሊቸገር ስለሚችል አጠገቡ ሁንና ጎማውን ደግፍለት። የኮሮላም ስኮርት አይገጥምላትም፣ የራስህን ሳትይዝ ከከተማ አትውጣ።

ነዳጅ? እኔ በሊትር ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል እሄዳለሁ፣ ረጅም መንገድ ላይ አሥር ተኩል። ታንከሯ 63 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ አንዴ ከሞላች ማርቆስና ባሕር ዳር ተመላልሳ አይጎድልባትም፣ ነዳጅ በሚጠፋበት ሰሞን ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ግን እንዳትሞላባት። ውሃ ወይ ሌላ ነገር የተቀላቀለበት ከሆነ የሚያስከፍልህ ከቆጠብከው ጊዜ በላይ ነው።

ትንንሾቹ ነገሮች፦ የመስኮት ማንሻ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኛል፣ የቫልቭ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን ዘይት ያላብ ነበር፣ ተቀየረ። ዘይቷ 6.5 ሊትር ነው፣ መካኒኩ አራት ሊትር ገዝተህ ና ካለህ አርመው።

አሁን ስለ ደስታው ካልጻፍኩ አልጨረስኩም። መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ቆሞ አደይ አበባው ሜዳውን ሲሞላው፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከደምበጫ ወጥቼ ወደ ቡሬ ስነዳ ነው ይህች መኪና ምን እንደሆነች የምታሳየኝ። መንገዱ ባዶ ነው። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሯ አራት ሺህ ዙር ስታልፍ ድምፅዋ ይለወጣል፤ ጩኸት አይደለም፣ እንደ ክር የተሳለ አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ክብደቷ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል የተከፈለ ስለሆነ ኩርባ ውስጥ ስትገባ አፍንጫዋ አያመነታም። መሪውን ስታዞር ልክ የፈለግከው ቦታ ትሄዳለች፣ ከኋላ ጎማዎቹ እየገፏት ስትወጣ ጀርባህ ላይ ይሰማሃል። በዚያ መንገድ ላይ ሰማንያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ይዤ ሌላ መኪና ላይ በመቶ ሃያ ያላገኘሁትን ደስታ አገኛለሁ። ልጄ ከኋላ ሆኖ "አባ፣ አሁን እንደገና አድርገው" ይለኛል፤ እሱ የሚለው ማርሹን ወደ ታች ስቀይር የሚሰማውን ድምፅ ነው።

ስለዚህ ማን ይግዛት? ጋራዥ ላይ ቆሞ የሚጠይቅ፣ ደረሰኝ የሚያስቀምጥ፣ በዓመት ለመለዋወጫ የሚሆን ገንዘብ ለብቻ የሚይዝ ሰው ይግዛት። ያለችውን ብር በሙሉ ለመግዣ የሚጨርስ ሰው ግን አይግዛ፤ የማቀዝቀዣውን ወጪ ካልቻለ አንድ ግንቦት ይበቃዋል። ለሥራ በየቀኑ የሚሮጥበት፣ ሌላ መኪና ቤቱ የሌለው ነጋዴም ኮሮላውን አይልቀቅ። እኔ ዛሬ እንደገና ብገዛ ያንኑ 325አይ፣ ያንኑ ማኑዋል ነው የምገዛው።

አንድ የቀረኝ ሥራ አለ። ኢ46 ላይ የኋላ አክሰሉ የሚታሰርበት ወለል በብዛት ይሰነጠቃል፤ ስትገዙ ጉድጓድ ላይ አቁማችሁ በባትሪ አራቱንም ማሰሪያ ዙሪያ እዩ። እኔ ስገዛ ጤነኛ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከመካኒኬ ጋር ስናይ በግራ በኩል የጥፍር ያህል ስንጥቅ አገኘን፤ የመንገዱ ጉድጓድ ሥራ ነው። ማጠናከሪያ ብረቶቹን የአጎቴ ልጅ ልኮልኛል፣ አሁን ሣሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጠዋል። ከፋሲካ በኋላ አክሰሉ ይወርድና ይበየዳል። እስከዚያ ድረስ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ነው የምሄደው።